ፋይል ሲቀየር የሚጠፋውና የሚተርፈው፦ ከፒዲኤፍ እስከ መንዙማ

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ባሉ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ከማለዳ እስከ ማታ የሚሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ወንድሜ፣ ይቺን ወደ ፒዲኤፍ አድርግልኝ»፣ «እህቴ፣ ይሄ ፒዲኤፍ በዎርድ ይሁንልኝ፣ አንድ ስም ላስተካክል ነው»። ሠራተኛው ብሮውዘር ይከፍታል፣ ከነጻ መቀየሪያ ድረ ገጾች አንዱን ይጠራል፣ ፋይሉን ይጭናል፣ የተቀየረውን ያወርዳል። አንዳንዴ ልክ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ አማርኛው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ምልክት ይሆናል፣ ሠንጠረዡ ይበታተናል፣ ማህተሙ ይደበዝዛል። ይህ የዕድል ጉዳይ አይደለም። ውጤቱን አስቀድሞ የሚወስነው ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ነው፤ እሱን ደግሞ ከመጫን በፊት በግማሽ ደቂቃ ማወቅ ይቻላል።

ፎርማት ማለት ፋይሉ ውስጥ ያለው መረጃ በምን ደንብ እንደተጻፈ የሚወስን ስምምነት ነው። ከፋይሉ ስም በስተመጨረሻ ከነጥብ ቀጥሎ የሚታዩት ሦስት ወይም አራት ፊደላት የፎርማቱ መጠሪያ እንጂ ፎርማቱ ራሱ አይደሉም። ከአይፎን የወጣ የኤችኢአይሲ ፎቶ ስሙ ብቻ ወደ ጄፔግ ቢለወጥ ውስጡ ያው ኤችኢአይሲ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች አንብቦ ይከፍተዋል፤ ስሙን የሚያምን የማመልከቻ ድረ ገጽ ግን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ለመሞከር ፒዲኤፍን በኖትፓድ ይክፈቱ፦ መጀመሪያ ላይ የመቶኛ ምልክትና ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ የሚሉ ፊደላት ይታያሉ። የዎርድ ዶክኤክስ ፋይል ደግሞ ፒ እና ኬ ብሎ ይጀምራል። ዶክኤክስ በውስጡ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን የያዘ የዚፕ ጥቅል ነው፤ ሁለቱ ፊደላት የዚፕ ፈጣሪ የፊል ካትዝ ስም መነሻዎች ናቸው።

የአይፎኑን ጉዳይ እዚሁ እንጨርሰው። አይፎን ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአይኦኤስ 11 ጀምሮ ፎቶ በኤችኢአይሲ ያስቀምጣል። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማትስ ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ቢመርጡ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሁሉ ጄፔግ ይሆናል፤ መቀየሪያ ድረ ገጽም አያስፈልግም።

ፒዲኤፍን ወደ ዎርድ መመለስ

አዶቢ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ፒዲኤፍን ያወጣው ገጹ በየትኛውም ኮምፒውተርና ማተሚያ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ነው። ይህን ለማግኘት ዎርድ የሚይዘውን ብዙ ነገር ይጥላል። ዎርድ «ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ 4 ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ፒዲኤፍ በአብዛኛው የሚመዘግበው «ይህን ፊደል ከግራ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል ርቀት ላይ ሳል» የሚል ትእዛዝ ነው። መቀየሪያው ወደ ዎርድ ሲመልስ አንቀጹንና ሠንጠረዡን ከፊደላቱ አቀማመጥ ተነስቶ ይገምታል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ የሚመጣው፤ ለዚህ ነው አንድ ቃል ሲጨመር ገጹ ሁሉ የሚንሸራተተው።

ከመጫንዎ በፊት አንድ ፈተና ያድርጉ። ፒዲኤፉን ከፍተው አንድ ቃል በማውዝ ወይም በጣት ለመምረጥ ይሞክሩ። ቃሉ ከተመረጠ ውስጡ ጽሑፍ አለ። ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ይለጥፉት፤ የተለጠፈው ትክክለኛ አማርኛ ከሆነ ወደ ዎርድ መቀየሩ ተስፋ አለው። ኮፒ ሲደረግ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ተራ መቀየሪያ ድረ ገጽ አያድነውም፤ ምክንያቱን ቀጥሎ እናያለን። ቃሉ ጭራሽ የማይመረጥ ከሆነ ደግሞ ያለዎት ስካን ማለትም ፎቶ ነው። ፎቶን ወደ ዎርድ «መቀየር» ብዙ ጊዜ የሚያስገኘው ያንኑ ፎቶ ዎርድ ገጽ ላይ ተለጥፎ ነው።

ለስካን የሚያስፈልገው ፊደል አንባቢ ነው። ቀላሉ መንገድ ጉግል ድራይቭ ነው፦ ፋይሉን ይጫኑ፣ በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኦፕን ዊዝ» ከዚያ «ጉግል ዶክስ» ይምረጡ። ከላይ ፎቶው፣ ከሥሩ የተነበበው ጽሑፍ ይመጣል። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ፣ ገጹ ቀጥ ቢል፣ ጥላ ባይኖርበት ውጤቱ ያምራል። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራምም አማርኛ ያነባል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ አጫጫኑ ግን ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በሁለቱም በኩል ተመሳሳይ ስህተት ይጠብቁ፦ ለ እና ሰ፣ በ እና ቡ፣ ነ እና ኑ የመሳሰሉት ይምታታሉ፤ አራት ነጥብ ወደ ሁለት ሁለት ነጥብ ይሰነጠቃል። ስምና ቁጥርን በዓይን ማመሳከር ግዴታ ነው።

ዋናው የዎርድ ፋይል ጸሐፊው ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ላይ ካለ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ተሻግሮ ደሴ ድረስ ፍላሽ ይዞ መምጣት እንኳ የተበታተነ ሠንጠረዥ ከማቃናት ይቀላል፤ በቴሌግራም ማስላክ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ማህተም ያረፈበትን ሰነድ ስም ለማረም ከሆነ ግን ጉዳዩ የፎርማት አይደለም፤ የሚኬደው ሰነዱን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ነው።

አማርኛው ለምን ይበላሻል

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የኮድ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ጽሑፍ የሚጻፈው በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ነበር። እነዚህ ፎንቶች ፊደሎቻችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ ስክሪን ላይ ሀ ወይም ለ አድርጎ የሚስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ወይም የመቀየሪያ ድረ ገጹ ሰርቨር ሲከፍተው የሚያየው እውነተኛውን ይዘት ነው፦ የላቲን ዝብርቅርቅ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ድሮም ውስጡ እንዲያ ነበር።

መለየት ቀላል ነው። ዎርድ ላይ አንድ ቃል መርጠው ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ይለውጡ። ፊደሉ አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ከተለወጠ የድሮው ዓይነት ነው፤ ኮንትሮልና ዜድ ተጭነው ይመልሱት። የድሮው ዓይነት ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። ሰነዱ እንዲነበብና እንዲታተም ብቻ ከተፈለገ፣ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ እያለ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት፤ የፊደሉ ቅርጽ ፒዲኤፉ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚሄድ የትም ይታያል። ጽሑፉ እንዲታረም ከተፈለገ ያንን ልዩ ፎንት የሚያውቅ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ፊደል በአንድ ኮድ፣ ሌላው በሁለት ኮድ ስለሚጻፍ የአንዱ ፎንት ቀመር ለሌላው አይሆንም። ሦስተኛው ብዙዎች የማያስቡት ነው፦ መጀመሪያ ፎንቱ ባለበት ገጹን ፎቶ አድርጎ፣ ከዚያ ያንን በጉግል ድራይቭ ፊደል አንባቢ ማስነበብ። አንባቢው ኮዱን ሳይሆን ቅርጹን ስለሚያይ ዩኒኮድ አማርኛ ያወጣል። አንድ ገጽ ከሆነ ግን እንደገና መጻፍ ያዋጣል።

ዩኒኮድ የሆነ ሰነድም ከአደጋ ነጻ አይደለም። በውጭ አገር ያለው ሰርቨር የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ካልተጫነበት በፊደሎቹ ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ይመጣሉ። ሌላ የአማርኛ ፎንት ካለው ደግሞ ሰነዱ የተጻፈበትን ፎንት፣ ለምሳሌ ኒያላን፣ በዚያ ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ በአንድ ገጽ ያለቀ ደብዳቤ ወደ ሁለት ገጽ ይፈሳል፣ ፊርማው ብቻውን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዎርድን ወደ ፒዲኤፍ ለመቀየር ድረ ገጽ መጠቀም ትርፍ የለውም። ከዎርድ 2010 ወዲህ ያለ ሁሉ «ሴቭ አዝ» ላይ ፒዲኤፍን ይሰጣል። ሊብሬኦፊስ በነጻ ይሠራዋል። ስልክ ላይ ጉግል ዶክስም ሼር ከሚለው ምርጫ ገብቶ ፒዲኤፍ ያወጣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስገባ ተማሪም ፋይሉን በራሱ ኮምፒውተር ፒዲኤፍ አድርጎ ወደ ማተሚያ ቤት ቢሄድ የገጽ ቁጥሩና ማውጫው ባሉበት ይቆያሉ።

ሌላው የአማርኛ ብልሽት ከፎንት ጋር አይገናኝም። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ካነበበው «ደሴ» የሚለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል ወደ ስድስት እንግዳ ምልክት ይሆናል። ይህ ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ ከሚይዘው ከሲኤስቪ ፋይል ጋር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው።

ሠንጠረዥ፣ ስልክ ቁጥርና ጳጉሜን

በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ የሠራተኛ ዝርዝርም ይሁን የሰኞ ገበያ ነጋዴ የደንበኛ መዝገብ፣ ከኤክስል ወደ ሲኤስቪ ሲቀየር ቀለሙ፣ ቀመሩ፣ ያኔ ከተከፈተው ገጽ በስተቀር ያሉት ገጾች ሁሉ ይጠፋሉ። የሚቀረው በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ተራ ጽሑፍ ነው። አማርኛው እንዲተርፍ ሴቭ ሲደረግ ከሲኤስቪ ምርጫዎቹ ዩቲኤፍ 8 የሚለው ይመረጣል።

ከባዱ ጉዳት ግን በዝምታ የሚደርሰው ነው። ሲኤስቪ በሁለት ጠቅታ ሲከፈት ኤክስል የእያንዳንዱን ሕዋስ ዓይነት በራሱ ይገምታል። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር የፊቱን 0 ያጣል። 13 አኃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥር በሳይንሳዊ አጻጻፍ አጥሮ ይታያል፤ እንዲያ ሆኖ ሳለ እንደገና በሲኤስቪ ከተቀመጠ የሚጻፈው የሚታየው ስለሆነ ቁጥሩ ለዘለዓለም ጠፋ ማለት ነው። ኤክስል ከ15 አኃዝ በላይ ስለማይዝ የ16 አኃዝ ቁጥር መጨረሻ ወደ 0 ይለወጣል።

የኢትዮጵያ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኤክስል የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ነው፤ ብዙ ኮምፒውተሮች የተስተካከሉትም ወርን ከቀን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2016ን 5/3/2016 ብለው ቢጽፉ ሜይ 3 አድርጎ ይመዘግበዋል። ጥቅምት 30 ማለትም 30/2/2016 ለእሱ የሌለ ቀን ስለሆነ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ደግሞ 5/13/2016 ተብሎ ሲጻፍ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 ይሆናል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ ወደ ቀኝ፣ ከፊሉ ወደ ግራ ተደግፎ ካዩ ይህ ደርሷል ማለት ነው፤ በቀን ቅደም ተከተል መደርደርም አይቻልም። መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» ማድረግ፣ ወይም ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለይቶ መጻፍ ነው። የመጣልዎትን ሲኤስቪ ደግሞ በጠቅታ አይክፈቱት፤ ዳታ ከሚለው ገጽ «ፍሮም ቴክስት» ብለው አስገብተው የስልክ፣ የሒሳብና የቀን ዓምዶችን ቴክስት ያድርጉ።

ፎቶና ስካን

የማመልከቻ ድረ ገጾች 1 ወይም 2 ሜጋባይት ላይ ይገድባሉ፤ የስልክ ካሜራ አንድ ፎቶ ብቻውን 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ሰው ወዲያው «ፒዲኤፍ መቀነሻ» ፍለጋ ይሄዳል። መጠኑን የሚያበዛው ግን የፒክሰል ብዛት ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክሰል ነው፤ በ150 ዲፒአይ 1240 በ1754 ይሆናል፣ ማለትም ሩቡ። ለስክሪን ንባብ 150 ይበቃል፤ ለፊደል አንባቢ ወይም ለሕትመት 300 ይሁን። የጠረጴዛውን ጠርዝ ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ ስፋቱን መቀነስ፣ በመጨረሻ በጄፔግ ከ70 እስከ 80 ጥራት ማስቀመጥ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

መጠን ለመቀነስ ሲባል «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን አይምረጡ። ይህ ሁነታ እያንዳንዱን ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ብቻ ያደርጋል፤ ሐምራዊ ክብ ማህተም ሲደበዝዝ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ፊርማ ላይ ያረፈ ማህተም ደግሞ ከፊርማው ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ጥፍጥፍ ይሆናል። ግራጫ ወይም ባለ ቀለም ይሁን።

ጄፔግ ባስቀመጡት ቁጥር የተወሰነ ዝርዝር ይጥላል፤ በፊደል ዙሪያ የሚታየው ብናኝ የዚያ ምልክት ነው። ስለዚህ የተቀነሰውን ደግሞ ከመቀነስ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ፎቶ መነሳት ይሻላል። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም፣ ለስክሪን ቅጂና ለአርማ ይመቻል፤ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ግን ግልጽ የነበረው መደብ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ይሞላል። 3 በ4 ሳንቲሜትር ጉርድ ፎቶ በ300 ዲፒአይ 354 በ472 ፒክሰል ነው። በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» ብለው ካልላኩ በስተቀር ፎቶው መንገድ ላይ ይጨመቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ማጥራት የጠፋውን አይመልስም።

ድምፅ

ከድሮ ካሴት የተገለበጠ የወሎ መንዙማ በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሆነ ኤምፒ3 ከተቀመጠ ወደ 320 መቀየሩ ፋይሉን አምስት እጥፍ ያደርገዋል እንጂ ድምፁን አያጠራውም። የተጣለው ድምፅ ከየትም አይመጣም። ካሴት ሲገለበጥ መጀመሪያ ምንም በማይጥል ፎርማት፣ ለምሳሌ በፍላክ፣ ማስቀመጥና ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ ማውጣት ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ለአንድ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት 58 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ከቪዲዮ ድምፅ ብቻ ለማውጣትም ቪኤልሲ የሚባለው ነጻ ማጫወቻ ያለ ኢንተርኔት ይሠራዋል።

ፋይሉ የት ይሄዳል

መቀየሪያ ድረ ገጽ ሲጠቀሙ ፋይሉ ወደ ሌላ አገር ሰርቨር ይጫናል፣ እዚያ ይቀየራል፣ ተመልሶ ይወርዳል። 40 ሜጋባይት ቪዲዮ በመሄድም በመምጣትም ከፓኬጅ ይቆጠራል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ መሐል ላይ ከሄደ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀመራል። የታወቁት አገልግሎቶች ፋይሉን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደሚያጠፉ ይገልጻሉ፤ ጠፍቶ እንደሆነ ከዚህ ሆኖ ማረጋገጥ ግን አይቻልም። የቴሌግራም ቦትም ያው የማያውቁት ሰው ሰርቨር ነው። ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የሕክምና ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝር በዚህ መንገድ ባይሄዱ ይመረጣል።

አንዳንድ ድረ ገጾች ግን ሥራውን በራስዎ ብሮውዘር ውስጥ ነው የሚሠሩት። ለማወቅ ገጹ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔቱን ያጥፉና ፋይሉን ይስጡት። ከቀየረልዎ ፋይሉ ከኮምፒውተርዎ አልወጣም።

በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ ነጻ መቀየሪያ መስለው ቫይረስ ስለሚያስገቡ ድረ ገጾች አስጠንቅቋል። አደገኞቹ የጠየቁትን ፋይል አንዳንዴ በእርግጥ ይቀይራሉ፤ አብሮ ሌላ ነገር ይወርዳል። ፒዲኤፍ ጠይቀው በኢኤክስኢ ወይም በጄኤስ የሚያልቅ ፋይል (ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም) ከመጣ፣ ወይም «መጀመሪያ ይህን ፕሮግራም ጫን» ካለ ሳይከፍቱ ያጥፉት። ዊንዶውስ የስሙን መጨረሻ ስለሚደብቅ «ፓስፖርት ፒዲኤፍ» መስሎ የሚታየው በእውነቱ ኢኤክስኢ ሊሆን ይችላል፤ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው ላይ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ያብሩ። ትልቁን «ዳውንሎድ» ቁልፍ ከመጫን በፊትም ማስታወቂያ አለመሆኑን ያጣሩ፤ ትክክለኛው ብዙ ጊዜ አነስ ያለውና የፋይልዎ ስም ያለበት ነው።

ሥራው በሰው ኮምፒውተር ላይ ከተሠራ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የቀረውን ቅጂ ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ተጭነው ያጥፉ፤ ዲሊት ብቻውን ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይተወዋል። ከጂሜይል ይውጡ። ቴሌግራም ከፍተው ከነበረም ስልክዎ ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» ገብተው የዚያን ኮምፒውተር ግንኙነት ያቋርጡ።